ደንገጎ ላይ ቤንዚን የሚያጣ መኪና፦ የካርቡሬተር መኪናዎችን የነዳጅ ችግር ከሥሩ ስለ መፈለግ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም፣ በካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚደባልቅ ዕቃ) የሚሠራ አሮጌ መኪና የነዳጅ መስመሩ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚመረምር መንገድ አላውቅም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። መኪናው ከዚያ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲጨርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርስና በሐረማያና በአወዳይ አልፎ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሐረር ይገባል። በዚህ ጉዞ ሙቀቱ፣ ዳገቱና የአየሩ መሳሳት ተባብረው ስለሚመጡ፣ በድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር እስከ ሳቢያን ሲመላለስ ምንም ያልታየበት መኪና ደንገጎ ላይ ማንጠጥ ይጀምራል፤ ጥቂት ጎተት ጎተት ካለ በኋላም ይቆማል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በተለይ ፔጆ 404 እና እሱን የመሳሰሉ መኪናዎች ላሏቸው ሰዎች ነው። ፔጆ 404 በፈረንሳይ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረተ፣ ባለ 1,618 ሲሲ ሞተር የተገጠመለትና በሐረር ለረጅም ዘመን ታክሲ ሆኖ ያገለገለ መኪና ነው። ከእነዚህ መኪናዎች አብዛኞቹ አሁን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ የነዳጅ መስመራቸውም በየጋራዡ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ተቀጥሏል። የምገልጸው አሠራር ግን ለቮልስዋገንም ሆነ ለሌላ የካርቡሬተር መኪና በአብዛኛው ያገለግላል።

ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነገር አለ። መኪና ቤንዚን ሲያጣ መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡሬተሩ መሆን የለበትም። ካርቡሬተር የመስመሩ መጨረሻ ነው፤ ከሳልባትዮው (ከቤንዚን ማጠራቀሚያው) ጀምሮ ባለው መንገድ ሁሉ የተፈጠረ ጉድለት የሚታየው እሱ ላይ ስለሆነ፣ ጥፋቱ ሳይኖርበት ይከሰሳል። እኔ ራሴ መኪናዬ ደንገጎ ላይ እየቆመ ባስቸገረኝ ጊዜ ካርቡሬተሩ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ታጥቦ ነበር፤ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላም ለጥቂት ቀናት ደህና ሆኖ ይከርምና እንደገና ይቆማል። በአራተኛው ጊዜ ዳገቱ መካከል ቆሜ ሳለሁ አንድ አዛውንት የጭነት መኪና ሹፌር ወርደው ካዩኝ በኋላ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይመለከቱ፣ «ልጄ፣ ሳልባትዮው ሙሉ ሲሆንም እንዲህ ያደርግሃል?» ብለው ጠየቁኝ። አስቤው አላውቅም ነበር። ወደ ኋላ ሄጄ ባስታውስ ግን መኪናው የቆመብኝ ሁልጊዜ ቤንዚኑ ከግማሽ በታች ሲሆን ነበር፤ ካርቡሬተሩ በታጠበ ቁጥር «ደህና» የሚሆነውም በዚያው ቀን ቤንዚን ስለምሞላ ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ከሳልባትዮው የሚወጣውን የብረት ቱቦ ከዋናው መስመር ጋር በምታያይዘው አንዲት ጣት በምታህል ጎማ ላይ ነው። ጎማዋ ከሥር በኩል ተሰንጥቃ ነበር።

ይህች ስንጥቅ ለምን ቤንዚን ሳታንጠባጥብ ኖረች? መልሱ የነዳጅ መስመሩን አሠራር ያስረዳል። ፓምፑ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ቤንዚኑን ከኋላ ስለሚስበው፣ ከሳልባትዮው እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ሞተሩ ሲሠራ የሚገፋ ሳይሆን የሚሳብ ነው። በሚሳብ መስመር ላይ ያለ ስንጥቅ ቤንዚን ወደ ውጭ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ጠብታ መፈለግ ብቻውን አይበቃም። ሳልባትዮው ሙሉ ሲሆን የቤንዚኑ ክብደት ራሱ ፓምፑን ያግዘዋል። ሲጎድል፣ በዚያም ላይ ዳገቱ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ ሲያነሣው፣ ፓምፑ ቤንዚኑን የሚያነሣበት ከፍታ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ አየር መሳብ ቤንዚን ከመሳብ ይልቅ ይቀለዋል። ከፓምፑ እስከ ካርቡሬተሩ ያለው አጭር መስመር በተቃራኒው የሚገፋ ስለሆነ ስንጥቅ ካለበት ያፈሳል፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚፈስ ቤንዚን ደግሞ እሳት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው ከመግባት በፊት ስለ ጥንቃቄ ልናገር። ሲጋራ አጠገብ እንዳይኖር ማድረግ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የባትሪው ገመድ ነው። የቤንዚን ቱቦ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ ሞተሪኖ (የሞተሩን ማስነሻ) ማዞር በሚያስፈልግበት ሙከራ ብቻ ተመልሶ ይታሰር። ሥራው ደጅ፣ ጥላ ሥር፣ ሞተሩ በርዶ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ወይም ቢያንስ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብ ተቀምጦ ይከናወን። ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብ ደግሞ ፈጽሞ መቅረት አለበት። የተዋጠው ቤንዚን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ወደ ሳንባ የሚገባው ጥቂት ጠብታ የከፋ ነው፤ ሳንባን አቁስሎ ሰው ሊገድል ይችላል። ያለ ፍላጎቱ የዋጠ ሰው ቢኖርም እንዲያስመልስ አይገደድ፤ ሲያስመልስ ቤንዚኑ ወደ ሳንባው የሚገባበት ሌላ ዕድል ይፈጠራልና፣ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ይህን ሥራ ለረዳት ልጆች የሚያሠሩ ጋራዦች በዓይኔ ስላየሁ ደግሜ እለዋለሁ፦ ሁለት ቱቦና አንድ የእጅ መሳቢያ ጎማ ካለ አፍ አያስፈልግም።

ችግሩ የቤንዚን ነው ወይስ የእሳት?

እሳት የምንለው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ነው፤ ብልጭታውን ከሚያስነሡት ዕቃዎች ፑንቲናው የተቃጠለ ወይም ቦቢናው ሲግል የሚደክም መኪናም ዳገት ላይ ይቆማል፤ ሲበርድም ይነሣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን መለየት ያሻል። መኪናው በቆመበት ቅጽበት የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሥተው የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ከላይ እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅዎ አንድ ጊዜ በፍጥነት ይሳቡት፤ ሞተሩ የጠፋ መሆን አለበት። ከትንሿ አፈሙዝ ቀጭን የቤንዚን ፍንጥቅጣቂ ከወጣ በካርቡሬተሩ ገንዳ ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው፤ ምርመራውን ወደ እሳቱ ያዙሩት። ምንም ካልወጣ ወይም የሚወጣው አረፋ ከሆነ ገንዳው ደርቋል፤ ችግሩ ከገንዳው በስተኋላ ነው። ይህ ሙከራ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ዋጋው ግን ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም መኪናው ጋራዥ እስኪደርስ ማስረጃው ይጠፋል። ጉሮሮውን ሲመለከቱ ፊትዎን አያስጠጉ፤ በዚያ ጊዜም ማንም ሞተሪኖ እንዳያዞር።

ብልጭታው የሚወጣበትን ካንዴላ ፈትቶ ማየትም ይረዳል። ደረቅና ነጣ ያለ ካንዴላ ቤንዚን ማነሱን፣ እርጥብና የቤንዚን ሽታ ያለው ካንዴላ መብዛቱን ወይም እሳት አለመኖሩን፣ በደረቅ ጥላሸት የጠቆረው ደግሞ ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበት መቆየቱን ያመለክታል።

መስመሩን መከተል

ገንዳው ደርቆ ከተገኘ ሥራው ከካርቡሬተሩ ወደ ኋላ እየሄዱ መለካት ነው። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለው በንጹሕና በሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ፤ ከቦቢናው ላይ ወደ ዲስትሪቢተር (እሳቱን ለካንዴላዎች ወደሚያከፋፍለው ዕቃ) የሚሄደውን ቀጭን ገመድ ነቅለው እንዳይነካ ይሸፍኑት፤ ከዚያ ረዳትዎ ሞተሪኖውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ያዙር። ጤነኛ ፓምፕ ቤንዚኑን እንደ ልብ ትርታ በየተራ በኃይል ይተፋል። ትርታው ጠንካራና ከአረፋ የጸዳ ከሆነ ፓምፑም መስመሩም ደህና ናቸው፤ ወደ ካርቡሬተሩ መሄድ የሚገባው አሁን ነው። ትርታው ካለ ነገር ግን አረፋ ከበዛበት በሚሳበው መስመር ላይ አየር የሚገባበት ቦታ ይኖራል። ትርታው ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ ደግሞ ፓምፑ ሞቷል ወይም መስመሩ ተዘግቷል።

እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ቀላሉ ዘዴ ፓምፑን ከሌላ ዕቃ ማጠጣት ነው። ከሳልባትዮው የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ ይንቀሉና በምትኩ አንድ ሜትር የሚያህል ጤነኛ የቤንዚን ጎማ አስገብተው ሌላውን ጫፍ መሬት ላይ በተቀመጠ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ይንከሩት። ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ መስቀል ሙከራውን ያበላሸዋል፣ ፓምፑ ሳይሠራም ቤንዚኑ በክብደቱ ይወርዳልና። ሞተሪኖው ሲዞር ፓምፑ ከመሬት ስቦ በደንብ ከተፋ ፓምፑ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ በስተኋላ ነው። እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያለብኝ፣ ጀሪካኑን ከኮፈኑ ሥር አስሮ ወይም ጣሪያ ላይ ሰቅሎ እስከ ሐረር መንዳትን ነው። መንገድ ላይ እንዲህ ያደረጉ መኪናዎች አይቻለሁ፤ በግጭት ወይም በአንዲት የላላች ፋሸታ (የጎማ ማሰሪያ ቀለበት) ምክንያት ተሳፋሪው ሁሉ ሊቃጠል ስለሚችል ለሙከራ እንጂ ለጉዞ አይሆንም።

በስተኋላ ከሚገኙት ጥፋቶች ለማረጋገጥ ቀላሉ የሳልባትዮው ክዳን ነው። ቤንዚን በወጣ መጠን አየር ሊተካው ይገባል፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነ ወይም የጠፋው ክዳን መተንፈሻ በሌለው ክዳን ከተተካ ሳልባትዮው ውስጡ ባዶነት ፈጥሮ ቤንዚኑን ይዞ ያስቀራል። እንዲህ ያለው መኪና ሃያና ሠላሳ ደቂቃ በደንብ ሄዶ ይቆማል፤ ጥቂት ሲያርፍ ይነሣል። መኪናው እንደቆመ ክዳኑን ሲከፍቱ ረዘም ያለ «እስስ» የሚል የአየር መግባት ድምፅ ከሰሙ ምክንያቱን አገኙት። ክዳኑን ከፍቶ ሲነዱት ችግሩ መጥፋቱ ብቻውን ማረጋገጫ ስለሚሆን ሌላ ነገር አይፍቱ።

ከዚያ የሚቀጥለው ቱቦው ነው። መስመሩን በአየር ለማጥራት የሳልባትዮው ክዳን ተከፍቶ፣ ቱቦው ከፓምፑ ተነቅሎ፣ አየሩ ከፊት ወደ ኋላ በዝግታ ይነፋ፤ ከሳልባትዮው ውስጥ የሚሰማው መንቦቅቦቅ መስመሩ መከፈቱን ይነግራል። ፓምፑ ሳይነቀል በኮምፕሬሰር ከተነፋ ግን በፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን (ዲያፍራሙ) ይቀደዳል። ከነፉ በኋላ ለሳምንት ያህል ደህና ሆኖ ተመልሶ ከተዘጋ ዝገቱና ጭቃው ሳልባትዮው ሥር ስላለ፣ ማውረድና ማጠብ ግድ ነው። ጎማዎቹን በተመለከተ የምመክረው ቁርጥ ነው፦ ዕድሜያቸው ካልታወቀ ሁሉም በአንድ ቀን ይቀየሩ፤ የሚተካቸውም ለቤንዚን የተሠራ ጎማ ይሁን እንጂ የውኃ ቱቦ አይሁን። የውኃ ቱቦ በቤንዚን አብጦና ተልጦ ፍርፋሪውን ወደ ካርቡሬተር ይልካል። ሽቦ ጠምዝዞ ማሰርም ጎማውን ስለሚቆርጠው ፋሸታ ይጠቀሙ።

ፓምፑ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ የላይኛው ክዳን ወይም ብርጭቆ ያለው ከሆነ መጀመሪያ የክዳኑን ጋስኬትና የውስጡን ወንፊት ይመልከቱ፤ የደረቀ ጋስኬት አየር ያስገባል። ቀጥሎ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከመስመሩ በላይ ከወጣ ዲያፍራሙ ተቀድዶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሆድ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ያ መኪና ዘይቱ ሳይቀየር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መነዳት የለበትም፤ የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናውን (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመውን ብረት) ይበላዋል። ፓምፑ ተመልሶ ሲገጠም በእሱና በሞተሩ መካከል የነበረው ወፍራም ማራቂያ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ማራቂያው ሙቀት ይከላከላል፤ የፓምፑ ክንድ የሚንቀሳቀስበትንም ልክ ይወስናል። ቀጭን ከተደረገ ክንዱ ይጨነቃል፣ ከወፈረ ፓምፑ በሙሉ ምቱ አይሠራም።

ሙቀትና ዳገት

አሁን ወደ ድሬዳዋ ዋና ጉዳይ ደረስን። ቤንዚን እንደ ውኃ በአንድ የሙቀት መጠን ላይ የሚፈላ ነገር አይደለም፤ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ስለሆነ ቀላሎቹ ክፍሎች ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መትነን ይጀምራሉ፣ ከባዶቹ ግን ከ150 ዲግሪ በላይ ይፈልጋሉ። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ሁሉም ቀድመው ይተናሉ፤ 2,000 ሜትር ላይ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። በሚሳበው መስመር ውስጥ ደግሞ ግፊቱ ከውጭው አየር እንኳ ያነሰ ነው። እንግዲህ በድሬዳዋ ፀሐይ የጋለ ቤንዚን፣ በዝግተኛ ማርሽ ዳገት እየወጣ በጋለ ሞተር አጠገብ ሲያልፍ፣ በዚያም ላይ ሲሳብ፣ በቱቦው ውስጥ ተንኖ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ስለሆነ እንፋሎቱን ይጨምቅና መልሶ ይለቀዋል እንጂ ወደ ካርቡሬተር አያደርሰውም።

ከዚህ የተለየና ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ የሙቀት ችግር አለ። መኪናው ደህና ሄዶ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ፣ ከዚያ አልነሣም ሲል፣ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የሚያቀዘቅዘው ውኃና ንፋስ ስለሚቆም ሙቀቱ ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣና በገንዳው ያለው ቤንዚን ፈልቶ ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ቤንዚን ማጣት ነው፤ ሁለተኛው መጥለቅለቅ ነው። መለያውም ሽታው፣ ካንዴላውና ቀደም ብዬ የገለጽሁት የጉሮሮ ሙከራ ናቸው። ለሁለተኛው መፍትሔው ነዳጅ መስጫውን ሳይደጋግሙ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጦ ይዞ፣ ቾክ (የካርቡሬተሩ አየር መዝጊያ) ሳይሳብ፣ ሞተሪኖ ማዞር ነው። ደጋግሞ መርገጥ በእያንዳንዱ ጊዜ ተጨማሪ ቤንዚን ስለሚረጭ ያባብሰዋል።

ለመጀመሪያው ግን ቆሞ መጠበቅና ፓምፑን ማብረድ ያስፈልጋል። መኪናውን ከመንገዱ ጠርዝ አውጥተው፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፈው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ የረጠበ ጨርቅ በፓምፑና በቱቦው ላይ ያኑሩ፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ውኃ በጋለው የጭስ መውጫ ብረት ወይም በሞተሩ አካል ላይ ማፍሰስ ግን ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይደረግም። በረጠበው ጨርቅ ወዲያው የተነሣ መኪና ችግሩ እንፋሎት መሆኑን መሰከረ፤ ጨርቁ ምንም ካልለወጠ ወደ መስመሩ ምርመራ ይመለሱ።

የዘለቄታው መፍትሔ ጨርቅ አይደለም። በብዙ መኪናዎች ላይ ያገኘሁት፣ ፋብሪካው ከጭስ መውጫው አርቆ የዘረጋው የብረት ቱቦ ተወግዶ በአጭሩ መንገድ በተዘረጋ ጎማ መተካቱን፣ ወይም የፕላስቲክ ፊልትሮ (የቤንዚን ማጣሪያ) በትክክል የጭስ መውጫው አናት ላይ መንጠልጠሉን ነው። ቱቦውን ወደ ቀድሞ መንገዱ መመለስ፣ በእሱና በጋለው ብረት መካከል ቀጭን ቆርቆሮ ማቆም፣ በካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የማያስተላልፈውን ማራቂያ መመለስ፣ ራዲያተሩን ማጽዳት፣ እነዚህ አራቱ አብዛኛውን ችግር ያስወግዳሉ። ጉዞውን ጠዋት በብርድ ማድረግና ሳልባትዮውን ሞልቶ መነሣትም ያግዛል፤ ብዙ ቤንዚን በቀላሉ አይግልምና።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ እንገጥማለን የሚሉ አሉ፤ በመሠረቱ መፍትሔ ነው፣ ምክንያቱም ሳልባትዮው አጠገብ ሲገጠም መስመሩን ከሚሳብ ወደሚገፋ ይለውጠዋል፤ ግፊት ያለበት ቤንዚን ደግሞ በቀላሉ አይተንም። ነገር ግን ከኢንጀክሽን መኪና የተፈታ ፓምፕ 3 ባር ገደማ ሲገፋ፣ ወደ ካርቡሬተሩ ገንዳ የሚገባውን ቤንዚን የሚከፍትና የሚዘጋው መርፌ ቫልቭ የሚችለው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ነው፤ እንዲህ ያለው ፓምፕ ከተገጠመ መርፌውን አሸንፎ ቤንዚኑን በሞተሩ ላይ ያፈሰዋል። ፓምፑ ለካርቡሬተር የተሠራ መሆን አለበት፤ ሞተሩ ሲጠፋ ወይም መኪናው ሲጋጭ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ሪሌም ሊኖረው ይገባል።

ካርቡሬተሩ

ጠንካራ ትርታ ያለው ቤንዚን እስከ ካርቡሬተሩ ደርሶ ችግሩ ካልጠፋ ብቻ ክዳኑ ይከፈታል። መግቢያው ላይ ትንሽ ወንፊት ካለ መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ፤ ፈታቾች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። በገንዳው ቤንዚን ላይ የሚቀመጠውን ተንሳፋፊ አውጥተው ጆሮዎ አጠገብ ይወዝውዙት፤ ቤንዚን ከውስጡ ከተንቦጫረቀ ተበስቷል ማለት ነው፣ ቀዳዳውንም ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት በሚወጣው አረፋ ያገኙታል። በመርፌ ቫልቩ ሾጣጣ ላይ ክብ የመበላት መስመር ከታየ ከነመቀመጫው ይቀየር።

ቤንዚኑን የሚመጥኑት ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የናስ ብሎኖች በሶሌክስ ካርቡሬተሮች ላይ ቁጥር ተቀርጾባቸዋል፤ ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ይናገራል፤ ለምሳሌ 130 ማለት 1.30 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ልክ የተሠራ ቀዳዳ በሽቦ ወይም በመርፌ ከተጎረጎረ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ የመኪናው ቤንዚን ጠጪነት በምንም አይስተካከልም። በንጹሕ ቤንዚን ነክሮ በአየር መንፋት ይበቃል። ሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ በዝግታ የሚዞርበት ልክ) ላይ ብቻ የሚጠፋ፣ ሲረገጥ ግን የሚሄድ መኪና የሚኒሞው መጣኝ ብሎን ተደፍኗል፤ ሚኒሞው ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚደክም ከሆነ ዋናው መጣኝ ይመርመር።

በሐረርና በድሬዳዋ መካከል የሚመላለሱ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድሬዳዋ ላይ በትክክል የተስተካከለ መኪና ሐረር ላይ በመጠኑ ይበዛበታል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህ ብልሽት አይደለም። ሐረር ብቻ የሚነዳ መኪና ዋናው መጣኙ በአንድ ደረጃ ቢቀንስ ይጠቅመዋል። ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ከሆነ ግን የድሬዳዋው ልክ ይሻለዋል፤ ለሐረር ተብሎ የጠበበ መጣኝ በቆላው ሙቀት ድብልቁን አሳስቶ ቫልቮችን ሊያቃጥል ይችላል፤ ትንሽ የበዛ ቤንዚን የሚያስከትለው ግን ጥላሸት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ ቤንዚኑ ራሱ። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ውኃ ወይም ላምባ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከመቅዳት በፊት በሚያሳይ ብርጭቆ ጥቂት አስቀምጠው ያስተውሉ፤ ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። አንድ ሁለት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ጥላ ሥር ሲያቆዩት ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ የተቀላቀለበት ግን ዘይታማ ምልክት ይተዋል። የተጠረጠረ ቤንዚን ወደ ሳልባትዮ ከገባ በኋላ መስመሩ ሁሉ መታጠብ ስላለበት፣ ደንገጎ ከመውጣትዎ በፊት የሚጠፋው አሥር ደቂቃ አይቆጭም።